ታክሲው ወይስ ቦዩ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 3

ዓርብ ዕለት ፎቅ፣ አለቆቹ ዘንድ፣ ተጠራሁ። እኛ ዘንድ ፎቅ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ፊቴን የምትቀባባኝ ልጅ እንኳ ታውቃለች፤ ብሩሿን አስቀምጣ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገችኝ፣ ለቅሶ የመጣች ይመስል።

አሊስታር፣ የድራማችን ፕሮዲዩሰር፣ ብስኩት አቀረበልኝ። አሊስታር ብስኩት ካቀረበ ነገር አለ ማለት ነው። «ስቲቪ ታሪኩን ጨርሷል» አለኝ። ስቲቪ ድሬክ ማለት እኔ ነኝ፤ ማለቴ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ «ቦይ ዳር» በሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የምጫወተው ልጅ ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት አገሩ እራቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። እኔን፣ ዌስሊ ትራንመርን፣ ግን ባሕር ዳር ባለችው ዊዘርንሲ ካለው የአባቴ የዓሣና ቺፕስ ቤት ወዲያ የሚያውቀው የለም።

ከእንዲህ ዓይነት ድራማ መውጫው ሁለት ነው፤ ወይ ታክሲ፣ ወይ ሬሳ ሣጥን። ታክሲ ከሰጡህ በሩን ገርበብ አድርገው ትተውልሃል፤ ከዓመታት በኋላ ሻንጣህን ይዘህ በዝናብ ብቅ ማለት ትችላለህ። ከገደሉህ ግን አለቀ።

«የትኛው ነው?» አልኩት።

«ሁለቱንም እንቀርጻለን። አንዱ ታክሲ፣ አንዱ ቦይ ውስጥ መስጠም። የትኛው እንደሚተላለፍ እስከ መጨረሻው ምሽት ማንም አይነገረውም። አንተም ባታውቅ ይሻላል፤ ያላወቀ ሰው እንደ ተፈጥሮው ነው የሚጫወተው።» ከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስፈረመኝ፤ ለአባቴም ጭምር።

ዛሬ እንደ ልማዱ አባቴ ደወለ። እንደ ልማዱም «ያ ልጅ እንዴት ነው?» አለ።

ያ ልጅ ስቲቪ ነው። እናቴ መኪና መንዳት ያስተማራትን ሰውዬ ተከትላ ዶንካስተር ከገባች ወዲህ እኔና አባቴ ስለ ራሳችን ማውራት አቅቶናል። በዚያው ሰሞን ድራማው ውስጥ ገባሁና ስቲቪ አዳነን። «ስቲቪ እንቅልፍ አጥቷል መሰለኝ፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል» ካለኝ ተኛ ማለቱ ነው። ከጄማ ጋር የተለያየሁ ጊዜ «ያቺን ልጅ ባይለቃት ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ስቲቪ በዚያ ወቅት ሴት ጓደኛም አልነበረችውም። የራሱንም ነገር የሚያወራው እንዲሁ ነው። ጉልበቱን ያመመው ጊዜ ስቲቪ ሲያነክስ አየሁት ብሎኝ ነበር።

ስቲቪ ከሄደ እኔና አባቴ ስለ ማን ልናወራ ነው? ስለ አየሩ?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 7

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። እውነተኛው ዝናብ ካሜራ ላይ በቅጡ አይታይም። ስለዚህ ዝናብ እየዘነበብን በቱቦ ዝናብ ይረጩብናል። ካልሲዬ እስካሁን አልደረቀም። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 17

ዛሬ እኔ ቀድሜ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ናይጅል ነው፤ ከአባቴ ጋር ዓሣ ሲጠብስ ያረጀ ሰው ነው። «ፎቅ ጋደም ብሏል» አለኝ።

«አባቴ? በዚህ ሰዓት?»

«ደከመው። ቆይ ልጥራልህ።»

አባቴ ሲመጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ደረጃው ነው» አለ። ከዚያ ገደሉ ላይ ያለው የካራቫኖቹ፣ የተጎታች ቤቶቹ፣ ሜዳ ጫፍ አሁንም ተንዶ ባሕር መግባቱን ነገረኝ፤ የባለ ሜዳው አጥር ለብቻው አየር ላይ ተንጠልጥሏል አለኝ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ መስሎ።

«ስቲቪ ግን ከሳብኝ» አለ። «ልብሱ ሁሉ ሰፋው። ምን ነክቶት ነው?»

ስልኩን እንደዘጋሁ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ይልቅ ጨምሬያለሁ። አባቴ መነጽር መቀየር አለበት፤ ናይጅልን ማሳሰብ አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 23

የሊድስ ገበያ ውስጥ ፖም እየመረጥኩ አንዲት አሮጊት ክርኔን ያዙኝ። «አንተ ስቲቪ! ያን ምስኪን አባትህን አትጠይቀውም እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ ነህ?»

በድራማው ውስጥ አባቴ እስር ቤት ነው። ደራሲዎቹ ዓመት ሙሉ ረስተውታል። እኔም እንደ ሌላው ጊዜ «እሺ እማማ፣ እጠይቀዋለሁ» አልኩና ሳቅኩ። ሴትዮዋ አልሳቁም። «ብለህ ነው!» ብለውኝ ሄዱ።

ፖሙን ሳልገዛ ነው የመጣሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ታክሲው ዛሬ ነበር።

ኖቬምበርን ነው የምንቀርጸው፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ሌሊቱን የመንደራችንን ጣሪያና የመስኮት ደፍ በነጭ ብናኝ አመዳይ አልብሰውታል። ፀሐይ ወጥቶ ሰዉ በሸሚዝ፣ እኔ ካፖርት ለብሼ፣ ላብ እያጠመቀኝ። አየሩ ስለማይቀዘቅዝ የበረደን ለመምሰል እጃችንን እፍ እንላለን። መንገዱ ላይ ያሉት ቤቶች በራቸው ይከፈታል እንጂ ኋላቸው ምንም የለም፤ እንጨትና ብሎን ብቻ ነው። ስምንት ዓመት የእኔ ቤት ያልኩት ቤት ውፍረቱ አንድ ክንድ ነው።

ሞይራ፣ የስቲቪን አያት የምትጫወተው፣ ደጁ ላይ ቆማ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። ጽሑፉ ላይ የለም፤ ከራሷ ነው። ታክሲው ውስጥ ገባሁ። ዳይሬክተሯ ሩክሳና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ዌስ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» አለችኝ። «ወደ ኋላ ያየ ሰው ሊመለስ ነው ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ ከፎቅ አልተፈቀደልኝም።»

ታክሲው ተነሳ። የሐሰቱን መጠጥ ቤት፣ የሐሰቱን ድልድይ፣ ጉልበት የማይደርሰውን ቦያችንን አለፍን። መንገዳችን የሚያልቀው ሠራተኞቹ መኪና የሚያቆሙበት ሜዳ ላይ፣ ከሳንድዊች መሸጫው ፊት ለፊት ነው። ሾፌሩ እዚያ ሞተሩን አጠፋ። በመስታወቱ አየኝና «ከዚህ ወዴት ልውሰድህ?» አለ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ለትንሽ ጊዜ የእውነት የምሄድበት ያለኝ መስሎኝ፣ መንገዱ ከሜዳው ወዲያም የሚቀጥል መስሎኝ ነበር፤ እስከ ባሕሩ ድረስ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬ ሞትኩ።

ስቱዲዮ ውስጥ ባለ ገንዳ ነው፤ ውኃው ለብ ያለ፣ ጥቁር ቀለም የተበጠበጠበት። «በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ ዓይንህን ግለጥ፣ አትተንፍስ» አሉኝ። ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓለም ሁሉ ራቀ። ከላይ መብራቶቹ እንደ ደመና ተንቀዋለሉ። ሞይራ ስትጮህ ከሌላ አገር እንደሚመጣ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ድራማ ስንቱን ቀብራለች፤ ሰው እንዴት እንደሚለቀስለት ታውቅበታለች። ዛሬ ግን አበዛችው። ቢደግሙት አይቀንስም፤ ቢሠልሱት አይቀንስም። እዚያ ተኝቼ፣ አለመተንፈስ ምን ያህል ቀላል ነው፣ የሚከብደው ሌሎቹ ሲያለቅሱ መስማት ነው እያልኩ አስብ ነበር። ማንን እያሰብኩ እንደነበር አላስታውስም።

በመጨረሻ ኬክ መጣ። ለተሰናባች ኬክ ላይ መጻፍ ልማዳችን ነው። ነገር ግን «መልካም ጉዞ» ይበሉ ወይስ «ነፍስ ይማር» ማንም አያውቅም። «በል እንግዲህ» ብለው ጽፈውበታል።

ሞይራ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «አባትህ ያውቃል?»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«እኔም ፈርሜያለሁ፣ የኔ ልጅ። ለባሌ ግን ያኔውኑ፣ መኪናዬ ውስጥ እንኳ ሳልገባ ደውዬ ነገርኩት።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

አባቴ «ማክሰኞ ሥራ አለህ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ምነው?»

«ሃል ከተማ ድረስ ብታደርሰኝ ብዬ ነው። መኪናዋ ትነጫነጫለች።»

ማክሰኞ ለንደን የትወና ፈተና አለኝ። ወኪሌ ፊሊፓ ሰውን ሁሉ «ውዴ» ነው የምትለው፤ ዛሬ ግን ሦስቴ ውዴ አለችኝ፣ የመርከበኞች ፊልም ነው፣ እንዳይቀርብህ ብላ። ለአባቴ ነገርኩት።

«አይ፣ እንግዲያማ ግዴለም» አለ ፈጠን ብሎ። «በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ባሕሩን እያየሁ።»

አውቶቡሱ በመስኩ መሐል ነው የሚሄደው፤ ባሕር አይታይም። እሱም ያውቃል። ሃል ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳልጠይቀው ስልኩን ዘጋን። ደግሞ ምን ይሆናል፤ ለመጥበሻው ዕቃ ሊገዛ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ባቡር ላይ ነኝ፣ ወደ ቤት። ፈተናው ጥሩ ነበር። አይ፣ አልነበረም። «አነጋገርህ ደስ ይላል፤ ከየት ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ከዚያ ትንሽ ራቅ ብለህ ልትሞክረው ትችላለህ?» አሉኝ። ራቅ ብዬ ሞከርኩ። አመሰገኑኝ።

መስኮቱ ላይ የራሴ ፊት በጨለማው ሜዳ ላይ አብሮኝ ይሮጣል። አባቴ አሁን አውቶቡስ ውስጥ ይሆናል፤ ወይም ደርሷል። ለአባቴ ደወልኩ፣ አያነሳም። ተኝቶ ይሆናል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 29

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

አባቴ ስለ አየሩ ጀመረ። ሱቁን ማክሰኞና ረቡዕ መዝጋት ጀምሯል፤ በበጋ ካልሆነ ሰው የለም አለ። ልክ ነው፤ ሰው የለም። ከኋላው የመጥበሻው ድምፅ አልነበረም።

«ያ ስቲቪ» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቀኝ።»

«መጨረሻውን... አለ አይደል፣ የሚመጣበትን ነገር ቀድመው ቢነግሩት ይሻለዋል? ወይስ ሳያውቅ ቢቆይ?»

ጋዜጦቹ አውጥተውታል፣ አባቴ ሰምቷል አልኩ በልቤ። እውነቱን እንዳላወጣ ፈራሁ፤ የፈረምኩት ትዝ አለኝ። ምላሴ ላይ የመጣው የአሊስታር ቃል ነው።

«ባያውቅ ይሻላል» አልኩት። «ያላወቀ ሰው እንደ ተፈጥሮው ይሆናል። ካወቀ ሁሉም ነገር ይበላሽበታል።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ አባዬ።»

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ከሆነ ባያውቅ ነው የሚሻለው። አንተ ነህ የምታውቀው።» ደግሞ ሳቅ ብሎ፦ «እናንተ ዕድለኞቹን በታክሲ ነው አይደል የምትሸኙት? ለእኔ እንኳ ታክሲ የሚያዝልኝ አይመስለኝም።»

ሳቅኩ። ዊዘርንሲ ያለው ባለ ታክሲ ሁልጊዜ ወይ ተኝቷል ወይ ሾርባ እየጠጣ ነው። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ምስጢሩን ጠብቄያለሁ። በዚህ ልኮራ ይገባኛል። ምን እንደሚቆረቁረኝ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 1

ሥራ የለኝም። ቲቪው ላይ ስቲቪ ገና አለ፤ ይስቃል፣ ይጣላል፣ ቢራ ይቀዳል። እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ የሚሆነውን እያወቅኩ፣ አዝንለታለሁ። እሱ ምንም አያውቅም። ደስ የሚል ፊት አለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 16

ሕልም። የመንደራችንን መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አመዳዩ እውነተኛ ነው፣ ይቀዘቅዛል። የቤቴን በር ስከፍት ከኋላው እንጨትና ብሎን ሳይሆን ዊዘርንሲ ነው፤ የመርከቦች መብራት ማማው እንደ ወትሮው ከቤቶቹ መሐል ቆሟል፣ ሁሉም መስኮት በርቷል። አባቴ ነጭ ሽርጡን ለብሶ ገደሉ ጫፍ ላይ ድንች ይልጣል። «ግባ እንጂ፣ ይቀዘቅዝሃል» ይለኛል። ልገባ ስል «ወደ ኋላ እንዳታይ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ ዞሬ አያለሁ። ስመለስ አባቴ የለም። ልጣጩ ብቻ መሬት ላይ ተጠቅልሎ አለ።

ከነቃሁ በኋላ ዊዘርንሲ ደወልኩ። አላነሳም። ባለፈው እሑድም አልደወለም። እኔም አልደወልኩ፤ ስለ ስቲቪ መጨረሻ ቢጠይቀኝስ ብዬ። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 23

ነገ ነው የሚተላለፈው።

ናይጅል ደወለ። ናይጅል ለእኔ ደውሎ አያውቅም።

«ዌስ፣ እኔ ምንም አልነገርኩህም፣ እሺ? ግን ሱቁ ከተዘጋ ሰነባብቷል። አልጋውን ምድር ቤት አውርደንለታል፤ ደረጃው አልሆነለትም።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን ራሱ ጠይቀው። እኔ ምን ልበል፤ ሃል ላሉት ሐኪሞች እንኳ ቃሉ ይከብዳቸዋል።»

«ለምን አልነገረኝም? ናይጅል! ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ንገረው አልኩት። ስንት ጊዜ! 'ጠይቄዋለሁ' አለኝ። 'ባያውቅ ይሻላል ያለኝ ራሱ ዌስ ነው፤ ካወቀ ሁሉም ነገር ይበላሻል ብሎኛል' አለኝ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። በራሴ አፍ። ስለ ስቲቪ ነው ብዬ።

እያወቅኩ አላወቅኩም ብል ይሻለኛል? ትንፋሹ፣ ደረጃው፣ አውቶቡሱ። ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ሁሉንም በእጄ ጽፌዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 25

ዊዘርንሲ። ጠዋት። አባቴ ተኝቷል።

ትናንት ማምሻውን ደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ ናይጅል ሳያናግረኝ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። አባቴ ሳሎን ባለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የክት ሹራቡን ለብሶ ነበር፤ ለስቲቪ ክብር ይመስለኛል። ሹራቡ ውስጥ ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ነበር። «ስቲቪ ከሳብኝ» ያለኝ ስለ ራሱ ነበር ለካ። መሳሳም እኛ ቤት የለም፤ እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት፣ ሳልለቀው ቁጭ አልኩ።

«በሥራ ምክንያት የማትመጣ መስሎኝ ነበር» አለ። «ሊጀምር ነው። ዝም በል።»

እኔ ባለሁበት ድራማውን አይቶ አያውቅም፤ ያፍራል። ዜማው ጀመረ። ስቲቪ በአመዳዩ መሐል መጣ። ሞይራ ደጁ ላይ ቆማለች። ከዚህች ቦታ ነው ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት፤ እጇን ወደ ኮሌታው ከዘረጋች ታክሲ ነው፣ ካልዘረጋች ቦዩ ነው። አባቴ ወደ ቲቪው አዘነበለ። በአንገቱ ላይ የደም ሥሩ ሲመታ ይታየኛል። የማየው እሱን እንጂ ስቲቪን አልነበረም።

«አባዬ፣ ያን ቀን የጠየቅከኝን» አልኩት። «ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ስቲቪን። ቢነግሩት ይሻለው ነበር። የሚመጣውን ቢነግሩት።»

ዓይኑን ከቲቪው አልነቀለም። «እንዳይበላሽበት ነዋ» አለ።

«ይበላሽበት! የሚነግረው ሰው ብቻውን እንዳይሆን እኮ ነው። ቢነግሩት አብሮት ይሆን ነበር። ስለ እሱ ሳይሆን አባዬ...» አለቀስኩ። ካሜራ ፊት በትእዛዝ የማለቅስ ሰው ነኝ፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ስንቱ ያመሰገነልኝን አይመስልም፤ አስቀያሚ ነበር፣ ንፍጥ ነበረው።

አባቴ የቲቪውን ሪሞት ፈልጎ ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ። ጣቱ ቁልፉን እስኪያገኝ ጊዜ ወሰደ። ቲቪው ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፤ የውጭው መብራት ብቻ ከመጋረጃው ሥር ገባ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። አገሩ ሁሉ የስቲቪን መጨረሻ እያየ ነበር። አጠፋሁት። የትኛው እንደተላለፈ እስካሁን አላውቅም።

«ሳንባዬ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፤ ሃል ያሉት ሐኪሞች ምን እንዳሉት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንዳስመለሰው፣ የተሰጠው ጊዜ ስንት እንደሆነ። ስቲቪ የሚለውን ስም አንዴም አልጠራም። ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ።

«ፈርቻለሁ፣ ዌስ» አለኝ።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ አባዬ» አልኩት።